ጥንቸላችን የኋላ እግሯን አሟታል፤ ቤት ያለ ማስታገሻ መስጠት ይቻላል? (ደሴ)

ሚሚ_ሆጤ | ቅዳሜ ማታ 1፡40

እንደምን አመሻችሁ። ቤታችን አንዲት ጥንቸል አለች፣ ቡላ እንላታለን። የልጄ ናት። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ያመጣል፣ እናት ታሳድጋለች። ሰሞኑን የኋላ እግሯን እንደ ልብ አትረግጥም። ኩርምት ብላ ጥግ ትቀመጣለች፣ ስነካት ትሸሻለች። ድሮ ጎመን ይዤ ስመጣ ዘላ ነበር የምትቀበለኝ። አሁን አሽትታ ትተወዋለች፣ ቆየት ብላ ነው የምትቀምሰው።

ባለቤቴ ለወገቡ የታዘዘለት ዲክሎፌናክ ክኒን ቤት አለ፣ ባለ 50 ሚሊግራሙ። የልጁ ፓራሲታሞል ሽሮፕም አለ። አንድ መድኃኒት ቤት ጠይቄ "ትንሽ እንስሳ አይደለች? ሩቡን ስጫት" አሉኝ። ልቤ አልተቀበለውም። የእንስሳት ክሊኒኩ ደግሞ ነገ እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ዘሃራ_ሰኞገበያ | ቅዳሜ ማታ 1፡52

አብሽሪ ሚሚዬ። ዲክሎፌናኩን ግን ወላሂ እንዳትሞክሪው። ዘመዶቼ ለውሻቸው ሰጥተው ደም አስቀምጦት ነበር። እዚህ መድረክ ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም አለ፣ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። መልእክት ልኬለታለሁ፣ ሳይመሽ ብቅ ይላል።

ዶክ_ቦርከና | ቅዳሜ ማታ 2፡15

ሰላም ሚሚ። ልብሽ እውነቱን ነው።

ሒሳቡን እንየው። የ50 ሚሊግራም ሩብ 12.5 ሚሊግራም ነው። ጥንቸሏ ሁለት ኪሎ ብትመዝን በኪሎ ከ6 ሚሊግራም በላይ ደረሳት። ባለቤትሽ 65 ኪሎ ቢሆን ሙሉውን ክኒን ውጦ የሚደርሰው በኪሎ 0.8 ገደማ ነው። "ሩብ ብቻ" የተባለው የባልሽን ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ደግሞ ጥንቸል አታስመልስም፤ ተፈጥሮዋ አይፈቅድላትም። ውሻ ያልተስማማውን ይተፋዋል። እሷ ጋ የገባ ገባ ነው።

ኢቡፕሮፌንና አስፕሪንም እንደዚያው ይቅሩ። ፓራሲታሞል ለጥንቸል እንደ ድመት ፈጥኖ ገዳይ አይደለም፤ የሚያዙት ሐኪሞችም አሉ። ግን አንዱ የልጆች ሽሮፕ በ5 ሚሊ 120 ሚሊግራም ይይዛል፣ ሌላው 250። በማንኪያ ተገምቶ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ዛሬ ማታ አትስጪያት።

አሁን ከእግሯ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሆዷ ነው። የጥንቸል አንጀት ቀን ከሌሊት መሥራት አለበት። ሲያማት መብላት ትተዋለች። መብላት ስትተው አንጀቷ ይቆማል። አንጀቷ ሲቆም ጋዝ ይሞላዋል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ ጭራሽ አትበላም። ብዙ ጥንቸል የሚሞተው በዋናው በሽታ ሳይሆን በዚህ ዙር ነው። ማስታገሻ የምንሰጣትም እንድትበላ ብለን ነው።

ስለዚህ እነዚህን ንገሪኝ። ዛሬ ምን በላች? በጠጧ እንደ ወትሮው ክብና ደረቅ ነው ወይስ አንሷል? የኋላ እግሯን መዳፍ ከሥር እዪው፣ ፀጉሩ አለ? ክብደቷንም አስመዝኚ፤ በእጅ ግምት አይሆንም።

ሚሚ_ሆጤ | ቅዳሜ ማታ 3፡05

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶን ውስጥ ከትቼ ታች ያለው ሱቅ ወሰድኳት። ባለሱቁ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ በኋላ ግን ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን ጠርጎ አስቀመጣት። ካርቶኑ ሲቀነስ ልክ 2 ኪሎ ናት።

ጎመኑን ቀስ ብላ ጨርሳዋለች። ድርቆሹን ግን አልነካችውም። በጠጡ አለ፣ ግን ጥቂት ነው፣ መጠኑም ከበፊቱ ግማሽ ያክላል። መዳፏን ገልብጬ ሳየው ደነገጥኩ። ተረከዟ ላይ ፀጉር የሚባል የለም፣ ቀልቷል፣ አንደኛው ተልጧል። ጎጆዋ ወለሉ የዶሮ ሽቦ ነው። ባለቤቴ ነው የሠራው፣ ሽንቷ ወደ ታች እንዲወርድ ብሎ።

ዶክ_ቦርከና | ቅዳሜ ማታ 3፡20

ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም። ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት ከመዳፏ ሥር ወፍራም ንጣፍ የላትም። ያላት ፀጉር ብቻ ነው። ሽቦ ወይም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስትውል ፀጉሩ ያልቅና ቆዳው ይቆስላል። ስብራት አለመኖሩን ግን በእጅ ዳስሶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰኞ ጠዋት ሳትቀሪ ውሰጃት።

እስከዚያው ሽቦውን በጣውላ ወይም በወፍራም ካርቶን ሸፍኚውና ድርቆሽ ከምሪበት፣ እግሯ እንዲሰምጥ። ሲረጥብ ቀይሪ። ቁስሉን አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውሃ፣ ትንሽ ጨው አድርገሽበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጊና አድርቂው። አልኮል፣ ቅባት፣ ቫዝሊን ምንም አትቀቢ፤ ትልሰዋለች። የደሴ ሌሊት ይቀዘቅዛልና ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ከጎኗ አድርጊላት፤ ከፈለገች የምትሸሽበት ቦታ ግን ይኑራት። ቅጠሉን አርጥበሽ ስጫት። ውሃውን በጎድጓዳ ሳህን አቅርቢላት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ከጡጦ ከምትጠባ ይቀላታል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ለ12 ሰዓት ምንም ካልበላች ወይም በጠጥ ጭራሽ ከቆመ ሰኞን አትጠብቂ፣ እሑድም ቢሆን ሐኪም ፈልጊ። በውስጥ መስመር ስልኬን እልክልሻለሁ። ሆዷ ተነፍቶ ከጠጠረ ደግሞ በግድ ምግብ እንዳትግቻት፤ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ተራ_ሰው | እሑድ ጠዋት 3፡30

ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሰቃይበት አገር ለጥንቸል ስብሰባ ተቀምጣችኋል። ደግሞስ የማይበላ እንስሳ ምን ያደርግላችኋል?

ዘሃራ_ሰኞገበያ | እሑድ ጠዋት 3፡41

እዚህ ሰፈር የሚበላም የማይበላም ቤት አለ፣ ተከባብረን ነው የምንኖረው። የታመመችው ደግሞ ለምግብ አልተገዛችም። ካልጣመህ እለፈው ወንድሜ።

ጋሽ_አባጥንቸል | እሑድ ቀን 6፡10

ልጄ ሚሚ፣ አይዞሽ። እኔ ኮምቦልቻ ዳር ጥንቸል ሳረባ ዘመን አልፎኛል። ሽቦ ወለል ባልጠላም የዶሮ ሽቦ ግን ቀጭን ነው፣ እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው። ሽቦ ያለው ሰው ቢያንስ ግማሹ ላይ ጣውላ ያድርግላት፤ ራሷ መርጣ እዚያ ትተኛለች። ባልሽን አትውቀሺው፣ ዶሮ ቤት ያየ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ፉርሽካውንም ቀንሺላት። ስትወፍር ክብደቱ ሁሉ ተረከዟ ላይ ነው የሚያርፈው። ድርቆሽ ይብዛላት። የገራዶ ሰዎች ጥሩ ሣር ያመጣሉ፤ አቧራና ሻጋታ የሌለበትን አሽትተሽ ግዢ።

ናቲ_ቧንቧውሃ | እሑድ ቀን 7፡25

ቁስል ካለማ ቀላል ነው። አሞክሳሲሊን ካፕሱሉን ፈተሽ ግማሹን በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት። በሁለት ቀን ታያታለሽ። ለልጆቻችን የምንሰጠው ነው፣ ምንም አይላትም።

ጋሽ_አባጥንቸል | እሑድ ቀን 7፡40

ናቲ ልጄ፣ ይህን አጥፋው። ጎረቤቴ እንዲሁ ብሎ የምታጠባ እናት ጥንቸል ሞታበታለች። መጀመሪያ ተቅማጥ ያዛት፣ ከዚያ ቀን እንኳን አልቆየችም።

ናቲ_ቧንቧውሃ | እሑድ ቀን 7፡48

ጋሼ በአክብሮት፣ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል እኮ። አሞክሳሲሊን ተራ መድኃኒት ነው። የዶሮ ኦክሲውን ለጥንቸል የሚሰጡ ሰዎችም አውቃለሁ፣ ምንም አልሆኑባቸውም።

ዶክ_ቦርከና | እሑድ ማታ 12፡50

ናቲ፣ የዶሮው ኦክሲቴትራሳይክሊን ሌላ ነው፣ አሞክሳሲሊን ሌላ ነው። አንዱ አልጎዳም ማለት ሌላው አይጎዳም ማለት አይደለም።

ጥንቸል የበላችውን ሣር የሚፈጩላት ዕውር አንጀቷ ውስጥ ያሉ ጥሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን በአፍ ሲሰጡ እነዚያን ይጨርሷቸዋል። ቦታው ባዶ ሲሆን ክሎስትሪዲየም የሚባል መጥፎ ዘር ይራባና መርዝ ያመነጫል። ተቅማጥ፣ መዝለፍለፍ፣ ሞት። ፔኒሲሊን ለጥንቸል በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ በአፍ ግን ፈጽሞ። ለጥንቸል የሚስማሙ አንቲባዮቲኮች አሉ። የትኛው እንደሚያስፈልግ፣ ጭራሹንም እንደሚያስፈልግ፣ ቁስሉን ያየ ሐኪም ይወስን።

ሚሚ፣ ዛሬ እንዴት ዋለች?

ሚሚ_ሆጤ | እሑድ ማታ 1፡30

ድርቆሹ ላይ ተዘርራ ነው የዋለችው። ትንሽ በልታለች፣ በጠጡም አልቆመም። ግን ጥርሷን ታፋጫለች፣ ከሩቅ ይሰማል። ልጄ "ደስ ሲላትም እንደዚህ ትላለች" ይለኛል።

ዶክ_ቦርከና | እሑድ ማታ 1፡45

ልጅሽ ተመልካች ነው። ስትዳሰስ ደስ ሲላት ቀስ ያለ፣ ጉንጯ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ፤ እሱ ጤና ነው። ከሩቅ የሚሰማ፣ ጎላ ያለ መፋጨት፣ ኩርምት ካለ አቀማመጥ ጋር ሲሆን ሕመም ነው። ፊቷንም እዩት። በ2012 ተመራማሪዎች የጥንቸልን ሕመም ከፊቷ የሚያነቡበት መለኪያ አውጥተዋል። ዓይኗ ይጠባል፣ ጉንጯ ይሟሽሻል፣ አፍንጫዋ ይሾላል፣ ጢሟ ይገተራል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይጣበቃል። ጥንቸል ታዳኝ እንስሳ ናት፣ ሕመሟን ትደብቃለች። ስለዚህ ከበር ላይ ቆማችሁ፣ ሳታያችሁ እዩዋት። ዛሬ ፎቶ አንሺያት፣ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ታመሳክሪዋለሽ።

ሚሚ_ሆጤ | ሰኞ ማታ 1፡15

ሐኪም አየልን። ስብራት የለም፣ ሁለቱም ተረከዝ ቆስሏል፣ መግል ግን አልያዘም። አንቲባዮቲክ አልሰጠም። ሜሎክሲካም የሚባል ማስታገሻ አዘዘ፤ ወረቀቱ ላይ "1.2 ሚ.ግ. በአፍ፣ በቀን 1 ጊዜ፣ ከ5 ቀን በኋላ ይታይ" ይላል። የባለቤቴ እህት አዲስ አበባ ለውሻዋ የሚሰጥ ጠርሙስ ነበራት፣ ያልተከፈተ፤ ነገ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። ሐኪሙም ይሆናል ብሏል። ፎቶውን አያይዣለሁ። "1.5 ሚ.ግ./ሚሊ፣ ለውሻ" ይላል፣ ጥንቸል የሚል የለበትም።

ግራ የገባኝ ስሪንጁ ነው። አብሮት ያለው ስሪንጅ ላይ ሚሊ የሚል የለም፣ ኪሎ ነው የተጻፈበት። እህትየው "2 ኪሎ ላይ ሙይና ስጫት" ትለኛለች። ልክ ነው?

ፋርማ_ፒያሳ | ሰኞ ማታ 1፡38

ሚሚ ሰላም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ልክ አይደለም፤ ጥሩ ጠየቅሽ።

ስሪንጁ ላይ ያለው ኪሎ የውሻ ኪሎ ነው። የውሻ የዕለት መጠን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። 2 ኪሎ ላይ ብትሞዪው የሚወጣው 0.2 ሚሊግራም ነው፣ በፈሳሽ 0.13 ሚሊ ገደማ። ለቡላ የታዘዘው 1.2 ሚሊግራም ነው። ስድስተኛውን ብቻ ሰጥተሽ "መድኃኒቱ አልሠራም" ትዪ ነበር።

ማካፈል ነው። 1.2 ለ1.5 ሲካፈል 0.8 ይመጣል። ስለዚህ 0.8 ሚሊ። ባለ 1 ሚሊ ስሪንጅ ከፋርማሲ ግዢ፣ መርፌውን ነቅለሽ ጣዪው። የኢንሱሊን ስሪንጅ እንዳትወስጂ፤ መስመሩ በዩኒት ነው፣ የብዙዎቹም መርፌ አይነቀልም። ጠርሙሱን በደንብ ወዝውዢው፤ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል፣ ሳይወዘወዝ የላዩ ውሃ ይሆናል፣ የታችኛው ደግሞ ይበረታል።

ይህን ክር ለሚያነብ ሌላ ሰው ደግሞ አደራ። 0.8 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ለድመት የሚሸጠው ጠርሙስ 0.5 ሚ.ግ./ሚሊ ነው፤ ከእሱ ያው 1.2 ሚሊግራም 2.4 ሚሊ ይሆናል። የከብቱ መርፌ 20 ሚ.ግ./ሚሊ ነው። ከእሱ 0.8 ሚሊ የቀዳ ሰው 16 ሚሊግራም ሰጠ፣ ከታዘዘው 13 እጥፍ በላይ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ ስሪንጅ አትንኩ።

የሰው ክኒኑ 7.5 እና 15 ሚሊግራም ነው። የ7.5ቱን ስድስተኛ በቢላ መቁረጥ አይቻልም። ፈጭቶ በውሃ መበጥበጥም አያስተማምንም፤ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ አንዱ ቀን በዝቶ አንዱ ቀን አንሶ ይሄዳል። ከዚያ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ከሐኪማችሁና ከፋርማሲስት ጋር ተነጋገሩ፣ ቤት አትሞክሩት።

ናቲ_ቧንቧውሃ | ሰኞ ማታ 1፡50

አንድ ጥያቄ፣ ያልገባኝ። ጥንቸል ከውሻ ታንሳለች። እንዴት ነው በኪሎ ስድስት እጥፍ የሚሰጣት?

ዶክ_ቦርከና | ሰኞ ማታ 2፡20

ጥሩ ጥያቄ ነው ናቲ። ትንሽ እንስሳ ትንሽ መድኃኒት የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። የጥንቸል ሰውነት ሜሎክሲካምን ከውሻ በጣም ፈጥኖ ያስወግደዋል። በውሻ ልክ ብትሰጣት ሕመሙን ሳይነካው ያልቃል። ስለዚህ ለጥንቸል በአፍ በተለምዶ በኪሎ ከ0.6 እስከ 1 ሚሊግራም በቀን ይታዘዛል። የሚሚ ሐኪም ከታችኛው ነው የጀመረው፣ ጥሩ አድርጓል። ይህ ግን ለሜሎክሲካም ብቻ ነው። ለሌላ መድኃኒት "ጥንቸል ብዙ ትችላለች" ብሎ ማባዛት አይገባም።

ጋሽ_አባጥንቸል | ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

አሰጣጡን እኔ ልንገርሽ ልጄ፣ እጄ ለምዶታል።

ጠረጴዛ ላይ አትስቀያት፣ መሬት ተቀመጪ። ወፍራም ፎጣ አንጥፊና መሐሉ ላይ አስቀምጫት። ግራና ቀኙን አምጥተሽ አንገቷ ሥር አጣጥፊው፣ ራሷ ብቻ ይታይ። ጀርባዋን ወደ ሆድሽ አስጠጊ። የኋላ እግሯ እንዳይፈራገጥ መቀመጫዋን በክንድሽ ደግፊ፤ ጥንቸል አየር ላይ ስትራገጥ የራሷን ወገብ ትሰብራለች፣ ቀልድ አይደለም። በጆሮዋም አትያዥያት። በጀርባዋም አታስተኚያት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

የፊት ጥርሶቿና የመንጋጋ ጥርሶቿ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ከከንፈሯ ጥግ በኩል የስሪንጁን አፍ እዚያ አስገቢ፣ ወደ ጎን እንጂ ወደ ጉሮሮ አታነጣጥሪው። ጠብ አድርጊ፣ ታላምጥ፣ ትዋጥ። ደግመሽ ጠብ። 0.8 ሚሊ በሦስት አራት ጊዜ ይሂድ። ራሷን ቀና ካደረገች አቁሚና ጠብቂ።

ይህ የውሻ መድኃኒት ጣፈጥ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ከሆነ ገና ፎጣ ሳታወጪ በስሪንጁ ጫፍ ላይ አቅምሻት። አንዳንዷ ራሷ ትልሰዋለች፣ ግብግብ አያስፈልግም። በሙዝ ውስጥ መደበቅ ግን አልወድም፤ የታመመች ጥንቸል ግማሹን ትታው ብትሄድ ስንት እንደወሰደች በምን ታውቂያለሽ?

ሚሚ_ሆጤ | ማክሰኞ ማታ 2፡05

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ! መናኸሪያ ሄጄ ጠርሙሱን ተቀበልኩ፣ አዲስ ባለ 1 ሚሊ ስሪንጅ ገዛሁ። ፎጣውን ይዤ ስዘጋጅ ልጄ ስሪንጁን ከእጄ ወስዶ አፍንጫዋ ሥር አደረገላት። አሸተተች። ከዚያ ጢሟ ላይ እስኪቀር ላሰችው። እኔ ፎጣ ታቅፌ ቀረሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ ለዶክተር። በባዶ ሆዷ ቢሆንስ? እና ደግሞ ምን ካየሁ ነው የማቆመው?

ዶክ_ቦርከና | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ጥንቸልን ለመድኃኒት ብሎ ማስራብ የለም፣ ለቀዶ ሕክምና እንኳን አይደረግም። ከመብል ጋር ወይም ከበላች በኋላ ስጫት። በተቻለ መጠን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሁን። አንድ ቀን ብትረሺው በማግስቱ እጥፍ አትስጪ። ስትሰጫት ብታፈስሰውም ስንት እንደዋጠች ካላወቅሽ አትድገሚ፣ ቀኑ ይለፍ።

የዚህ ዓይነት መድኃኒት ትልቁ ጠላት ድርቀት ነው። ውሃ ሳትጠጣ፣ ተቅማጥ ይዟት ወይም ጭራሽ ሳትበላ ቆይታ ከሆነ ኩላሊቷ ላይ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ፈሳሽ ማግኘት አለባት። መብላት ካቆመች፣ በጠጧ ከጠቆረ ወይም ደም ካየሽበት፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ዝም ብላ ከፈዘዘች የሚቀጥለውን አትስጪና ደውዪ።

ሌላው መደራረብ ነው። ሜሎክሲካም ላይ ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪን፣ ፍሉኒክሲን (የከብት ማስታገሻ) አይጨመርም። ዴክሳም እንደዚያው። እኛ አገር ከብት ሲያነክስ ዴክሳሜታዞን መውጋት ልማድ ነው፤ ክሊኒክ ስትሄጂ "ሜሎክሲካም ላይ ናት" ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ሕመሙ ካልተቻለ ከሌላ ዓይነት የሚጨመር አለ፣ ትራማዶል፣ ቡፕረኖርፊን። እነሱ በሐኪም እጅ የሚሰጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ አንጀትን ያዘገያሉ፣ ስለዚህ በጠጥ መቁጠር ይመጣል።

በነገራችን ላይ ጠዋት ጠዋት መቀመጫዋን እዪ። ጥንቸል ሌሊት የምታወጣውን ለስላሳ ኩስ ጎንበስ ብላ መልሳ ትበላዋለች፤ ምግቧ ነው፣ አትጠየፉ። እግሯን ሲያማት ጎንበስ ማለት ይሳናትና ኩሱ ፀጉሯ ላይ ይጣበቃል። ካየሽ በለብ ያለ ውሃ አጥበሽ አድርቂ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት።

ከማል_ኮምቦልቻ | ረቡዕ ቀን 8፡15

ወገኖች ከዚህ ክር ብዙ ተማርኩ። የኔዋ አታነክስም፣ ግን እዚህ ሙቀቱ ሲበረታ ተዘርራ ታለከልካለች። ያመማት መስሎኝ ማስታገሻ ልጀምርላት ነበር። ደሴ ሐኪም ጋ ልውሰዳት?

ዶክ_ቦርከና | ረቡዕ ቀን 8፡40

ከማል፣ እሱ ሙቀት ነው፣ ማስታገሻ አይደለም መልሱ። ጥንቸል አታልብም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በብዛት በጆሮዋ ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሄድ ትቸገራለች። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ትወርዳለች፣ ደሴ ለበረታች ጥንቸል የሚመቸው አየር እኛ ጋ ያጠቃታል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አድርጋት፣ ጆሮዋን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥብላት፣ በረዶ ውሃ አትድፋባት። ሃይላንድ ሞልተህ አቀዝቅዘህ አጠገቧ አስቀምጥ። አሁኑኑ ካልተሻላት እኔ ጋ ይዘሃት ና፣ እዚሁ ነኝ። በዚህ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ አፍነህ ደሴ ድረስ አትውሰዳት።

ከማል_ኮምቦልቻ | ረቡዕ ማታ 12፡30

ተነሣች፣ አልሐምዱሊላህ። ጎጆዋን ከቆርቆሮው ሥር አውጥቼ ከማንጎው ሥር አዛውሬላታለሁ።

ጋሽ_አባጥንቸል | ረቡዕ ማታ 12፡55

ማንጎው ሥር ደግ ነው። አቮካዶ ካለህ ግን ቅጠሉም ፍሬውም እንዳይደርሳት፤ ለጥንቸል መርዝ ነው።

ሚሚ_ሆጤ | ዓርብ ማታ 1፡20

ዜና ይዤ መጣሁ። ፎቶዎቹን አመሳክሬያለሁ፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ጆሮዋ ቆሟል። ድርቆሹን ትበላለች፣ በጠጡ ወደ ድሮው መጠን ተመልሷል። ባለቤቴ ሽቦውን ነቅሎ ጣውላ መታላት፤ ሲመታ እያጉረመረመ ነበር፣ አሁን በየማለዳው ድርቆሽ የሚቀይረው እሱ ነው። ቁስሉ ግን ገና ቀይ ነው። እየዘለለች ስለሆነ መድኃኒቱን ላቁም?

ዶክ_ቦርከና | ዓርብ ማታ 1፡45

ደስ ብሎኛል። በራስሽ አታቁሚ፣ በራስሽም አታራዝሚ። የዘለለችው ሕመሙ ስለታገሠላት ነው። የተረከዝ ቁስል ሳምንታት ይፈልጋል፣ ፀጉሩ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በቀጠሮሽ ቀን ወስደሽ አሳዪ። ይቀጥል ከተባለም እንደገና ትመዘን፤ መብላት ስለጀመረች ክብደቷ ይለወጣል፣ መጠኑም አብሮ ይለወጣል። የተረፈውን ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማሸጊያው ላይ እዪ፣ የተከፈተበትን ቀንም በእስክሪብቶ ጻፊበት።

ትዕግስት_አራዳ | ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ለውሻ የሚሆነው ሜሎክሲካም ቤቴ አለ። ድመቴ ከጣሪያ ወድቃ ታነክሳለች። ድመትና ጥንቸል በክብደት አይራራቁምና ያንኑ 0.8 ሚሊ ልስጣት? ወይስ ፓራሲታሞል ይሻላል?

ዶክ_ቦርከና | ቅዳሜ ጠዋት 4፡18

ትዕግስት፣ ሁለቱንም አትስጪ! ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ የአንድ ክኒን ቁራጭ እንኳን። የሜሎክሲካም የድመት መጠን በኪሎ 0.05 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ የጥንቸሏ 12ኛ። 0.8 ሚሊ ብትሰጫት ኩላሊቷን ታጠፊዋለሽ። ከጣሪያ የወደቀች ድመት ደግሞ ውስጧ ደም ሊፈስስ፣ ፊኛዋ ሊቀደድ ይችላል። ሽንቷን ሸንታለች? ድዷ ሮዝ ነው ወይስ ነጭ? ትንፋሿስ? ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ክሊኒኩ እስከ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ካርቶን ውስጥ አድርጊያትና አሁኑኑ ውጪ። መልሱን እየሄድሽ ጻፊልኝ።

ትዕግስት_አራዳ | ቅዳሜ ጠዋት 4፡22

ድዷ ሮዝ ነው። ሽንቷን አላየሁም። ባጃጅ ውስጥ ነኝ።